አጃይል የሚባለው የሶፍትዌር ሥራ ዘዴ አመጣጥና የ1960 ዓ.ም. የጎጃም ግብር

በ1960 ዓ.ም. በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ብዙ ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አንከፍልም፤ ገማቾችም መሬታችንን አይረግጡም ብለው ተነሡ። ይህ ዐመፅ ገና ፈጽሞ ሳይበርድ፣ በ1961 ዓ.ም. መባቻ ማለት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በኦክቶበር 1968፣ ጋርሚሽ በምትባል የጀርመን ተራራማ ከተማ ሃምሳ ያህል የኮምፒዩተር ሊቃውንት ተሰበሰቡ። የጠራቸው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት የሳይንስ ኮሚቴ ነበር። የተወያዩበትም ነገር ትልልቅ ፕሮግራሞች ከተቈረጠላቸው ጊዜና ገንዘብ በላይ እየፈጁ፣ ሲያልቁም ለሚሠሩባቸው ሰዎች ሳይመቹ ስለ መቅረታቸው ነው። ችግሩንም የሶፍትዌር ቀውስ ብለው ሰየሙት።

የጎጃም ገበሬ ስለ ኮምፒዩተር አልሰማም፤ የጋርሚሽ ሊቃውንትም ስለ ጎጃም አላሰቡም። ሁለቱን ነገሮች በአንድ ጽሑፍ ማገናኘት ለአንባቢ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በፍኖተ ሰላም አካባቢ ያደገ፣ የግብሩንም ወሬ ከሽማግሌዎች አፍ እየሰማ የኖረ በመሆኑ፣ ዛሬ በትምህርት ክፍል ውስጥ ስለ አጃይል ሲነገረው አእምሮው ወደዚያ እየተመለሰ አስቸግሮታል። በሁለቱም ቦታ የተነሣው ጥያቄ አንድ ነውና፤ ይኸውም ዕቅድ የሚያወጣው ሰው ዕቅዱ ከሚደርስበት ሰው ምን ያህል መራቅ ይችላል የሚል ነው። ከዚህ ቀጥሎ የውጭ ሀገር ታሪክ ሲነገር ዘመኑ እንደ አውሮፓ፣ የሀገራችን ሲነገር ደግሞ እንደ እኛ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

በዚያ ዘመን አንድ ትልቅ ፕሮግራም ሲሠራ የነበረው ልማድ ድልድይ ወይም ሕንፃ ከሚሠራበት ልማድ የተወሰደ ነበር። በመጀመሪያ የሚፈለገው ነገር ሁሉ በወረቀት ይጻፋል፤ ደንበኛው ይፈርምበታል። ቀጥሎ ንድፉ ይወጣል፤ ከዚያ ፕሮግራሙ ይጻፋል፤ ከዚያ ይፈተናል፤ በመጨረሻም ለሚሠራበት ሰው ይሰጣል። ከፊርማው እስከ ርክክቡ ሁለት ሦስት ዓመት ቢያልፍ የሚያስደንቅ አልነበረም። ውሃ ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወርድ ወደ ላይ እንደማይመለስ፣ ሥራውም ወደ ኋላ ስለማይመለስ ይህ አካሄድ በኋላ ፏፏቴ የሚል ስም ተሰጠው።

በዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ፏፏቴውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሥዕል ያሳየው ሰው ተብሎ የሚጠቀሰው ዊንስተን ሮይስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1970 ነው። ሮይስ ግን ሥዕሉን ካስቀመጠ በኋላ ይህ አካሄድ ብቻውን አደገኛ መሆኑን፣ ጥፋቱም የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ፈተና ሲደርስ መሆኑን ገልጾ፣ አዲስ ነገር የሚሠራ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ቢሠራው እንደሚሻል መክሯል። ብዙዎች ሥዕሉን ወሰዱ፤ ምክሩን ተዉት። የአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር ሳይቀር በ1985 ባወጣው የሥራ ደንብ ይህንኑ የደረጃ አካሄድ ለሥራ ተቋራጮቹ መመሪያ አደረገው። እኛ ተማሪዎችም የአንድን ጽሑፍ ሥዕል አይተን ቃሉን ሳናነብ ወደ ፈተና የምንገባበት ጊዜ ስለማይጠፋ፣ በሌላው ላይ አብዝተን መሳቅ አይገባን ይሆናል።

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቍጥር 255 በአዲስ አበባ ተረቅቆ፣ በፓርላማ ታይቶ የጸደቀ ሕግ ነው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ሲታይ መጥፎ አልነበረም። ከገበሬው አሥራት መሰብሰብ ቀርቶ፣ እያንዳንዱ ባመረተው መጠን እንዲከፍል፣ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት እንዲያወጣ ታስቦ ነበር። ለዚህም ገማቾች በየአጥቢያው እየዞሩ የእያንዳንዱን ገበሬ ምርት ገምተው በስሙ እንዲመዘግቡ ተወሰነ።

ችግሩ የተደበቀው "በስሙ" በሚለው ቃል ውስጥ ነው። በጎጃም ርስት ማለት አጥር ያለው የአንድ ሰው መሬት አልነበረም። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት በእናትም በአባትም በኩል የሚወርድ የድርሻ መብት ነበር። አንድ ሰው በተለያዩ አጥቢያዎች ርስት ሊኖረው ይችላል፤ ያልያዘውንም ርስት ዘሩን ቈጥሮ፣ ዳኛ ፊት ቆሞ የመጠየቅ መብቱ አይሞትም ነበር። አላን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሰው ልጅ ማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ ሥርዓት አጥንቶ በ1973 አንድ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ደጋ ዳሞት ደግሞ ለፍኖተ ሰላም ጎረቤት ነው። እንግዲህ ከአዲስ አበባ የመጣው ገማች አንዱን ማሳ በአንዱ ሰው ስም ሲጽፍ፣ እሱ የጻፈው የግብር ከፋይ ስም ነበር፤ ገበሬው ያነበበው ግን የባለርስት ስም ነው። የተጻፈው ሰው መሬቱን ለብቻው ይዞ ሊቀር፣ ወንድምና እኅት፣ የአጎትና የአክስት ልጅ ሊነቀሉ ነው ማለት ነው። ግብሩ ቢጨምርም ባይጨምርም፣ ቈጠራው ለልኬት፣ ልኬቱም ለነጠቃ መንገድ ከፋች ሆኖ ታየ።

መንግሥት ይህን የሚያውቅበት አጋጣሚ አልነበረውም አይባልም። ከጠላት ወረራ ነፃነት በኋላ በ1930ዎቹ አጋማሽ የመሬት ግብር አዋጅ ሲወጣ በጎጃም ተቃውሞ ተነሥቶ ነበር፤ በዚያን ጊዜም ለጎጃም፣ ለትግራይና ለበጌምድር ልዩ አከፋፈል ተፈቅዶ ነበር። ይህ አንድ ጊዜ የተገኘ መልስ ሃያ አራት ዓመት ያህል ሲያልፍ የተረሳ ይመስላል።

በተለይ በሞጣና በቢቸና የጀመረው ተቃውሞ ወደ ሌሎችም አውራጃዎች ደረሰ። ገበሬዎቹ ወዲያው ጠመንጃ አላነሡም። ሽማግሌዎች መርጠው ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ አዲስ አበባ ለአቤቱታ ልከዋል። አቤቱታው መልስ ሳያገኝ ሲቀር ጉዳዩ ወደ ጦርነት ሄደ፤ ሠራዊት ዘመተ፣ አውሮፕላን ሳይቀር ቦምብ ጣለ፣ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሥተው በሌላ ተተኩ፤ ግብሩም በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ። ስለዚህ ታሪክ ሰፋ ያለ ማስረጃ የሚፈልግ አንባቢ የታሪክ ጸሐፊውን የገብሩ ታረቀን ሥራ ቢመለከት ይጠቀማል።

በዚያው በ1960 ዓ.ም. ያው መንግሥት በአርሲ ሌላ መንገድ መሞከሩ ሊታለፍ የማይገባ ነው። በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ማለት ካዱ፣ በመላው ሀገር ከመጀመር ይልቅ በአንድ አውራጃ ማዳበሪያን፣ ምርጥ ዘርንና ብድርን መሞከር ጀመረ። ሙከራው ሁለት ነገር አስተማረ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለው ሙሉ ድርጅት በየአውራጃው ለመትከል በጣም ውድ እንደ ሆነ ታወቀ፤ በዚህም ምክንያት ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ አነስ ያለ ፕሮግራም ለሌሎች አውራጃዎች ወጣ። ሁለተኛ፣ እርሻው ትርፍ ሲሰጥ ባለመሬቶች ጭሰኞቻቸውን እያባረሩ በትራክተር ማረስ ያዙ። የመጀመሪያው ትምህርት ተሰምቶ ዕቅዱ ተለወጠ፤ ሁለተኛው ታወቀ እንጂ ለተባረሩት ጭሰኞች በጊዜው መፍትሔ አልሆነላቸውም። በጥቂቱ መሞከር ጥፋትን ያሳያል፤ ያሳየውን ጥፋት ማረም ግን ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል።

የሶፍትዌር ሰዎች ከቀውሳቸው የወጡበት መንገድ አንድ ወገኑ በጃፓን በኩል ያልፋል። በቶዮታ ፋብሪካ ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባዳበረው አሠራር፣ ዕቃ በብዛት ተሠርቶ በመጋዘን አይከማችም፤ ቀጥሎ የሚሠራው ሰው ሲፈልገው ብቻ ይሠራል፤ ሠራተኛውም ጥፋት ሲያይ መሥመሩን የማስቆም ሥልጣን አለው። በ1986 ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን መምህራን አዳዲስ ዕቃዎችን በፍጥነት ያወጡ ድርጅቶችን መርምረው፣ ሥራው በቅብብሎሽ እንደሚሮጥ ሳይሆን እንደ ራግቢ ጨዋታ ቡድኑ በሙሉ ኳሱን ይዞ አብሮ እየገፋ የሚሄድ መሆኑን ጻፉ። ስክረም የሚለው ቃል ከዚያ ጨዋታ የመጣ ነው። ጄፍ ሰዘርላንድና ኬን ሽዋበር የተባሉ አሜሪካውያን ቃሉን ወስደው የሶፍትዌር አሠራር ሥርዓት አበጁለት፤ በ1995ም በጉባኤ አቀረቡት። የቶዮታ አሠራር ካይዘን በሚል ስም ወደ ሀገራችን የገባው ደግሞ በ2001 ዓ.ም. ገደማ በጃፓን ርዳታ በሠላሳ ያህል ድርጅቶች በተጀመረው ሙከራ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ስለዚህ አጃይልን ጨርሶ ባዕድ አድርገን የምናየው ከሆነ፣ የአጎቱ ልጅ ቀድሞ ቤታችን መግባቱን ዘንግተናል።

በፌብሩዋሪ 2001፣ በየካቲት 1993 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ዩታ በተባለው የአሜሪካ ግዛት ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራ 17 የሶፍትዌር ባለሙያዎች ተገናኝተው በአንድ አጭር መግለጫ ተስማሙ። አጃይል ማለት ቀልጣፋ፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ማለት ነው። የመግለጫው ፍሬ ነገር አራት ነው፤ ከደንብና ከመሣሪያ ይልቅ ለሰዎችና ለንግግራቸው፣ ከወረቀት ክምር ይልቅ ለሚሠራ ፕሮግራም፣ በውል ቃል ከመከራከር ይልቅ ከደንበኛው ጋር አብሮ ለመሥራት፣ የወጣውን ዕቅድ ከመከተል ይልቅ ለለውጥ መልስ ለመስጠት ብልጫ ይሰጣሉ። ደንብም ወረቀትም ውልም ዕቅድም ከንቱ ናቸው አላሉም። ይህን የማያስተውል ሰው፣ አጃይል ነኝ እያለ ምንም ሳይጽፍና ሳያቅድ ይኖራል።

በተግባር እንዴት ይሠራል? የስክረምን ልማድ ብንወስድ፣ ቡድኑ ከአሥር ሰው አይበልጥም። የሚፈለጉት ነገሮች ሁሉ በአንድ ዝርዝር ይጻፋሉ፤ ዝርዝሩ ግን የተፈረመበት ውል ሳይሆን በየጊዜው የሚታደስ፣ ይበልጥ የሚያስፈልገው ከላይ የሚቀመጥበት መዝገብ ነው። ቡድኑ ከላይ ካሉት ጥቂቱን ያነሣል፤ በአንድ ሳምንት ወይም ቢበዛ በአንድ ወር ውስጥም ሠርቶ ይጨርሳል። ይህ የሥራ ዙር ስፕሪንት ይባላል። በየቀኑ ከሩብ ሰዓት በማይበልጥ ስብሰባ እርስ በርሳቸው ሥራው የት እንደ ደረሰ፣ ማን በምን እንደ ተሰናከለ ይነጋገራሉ፤ ብዙዎች ስብሰባው እንዳይረዝም ቆመው ያደርጉታል። ዙሩ ሲያልቅ የሚቀርበው ሪፖርት ሳይሆን የሚሠራ ነገር ነው፤ ትንሽ ቢሆንም ሰው ሊነካውና ሊሞክረው የሚችል። ያየው ሰው ይህ ልክ ነው፣ ይህ ልክ አይደለም ይላል፤ ዝርዝሩም በዚያው ይታረማል። ከዚህ በኋላ ቡድኑ ለብቻው ተቀምጦ ስለ ራሱ አሠራር ይመካከራል፤ ከዚያም ሌላ ዙር ይጀምራል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ይህን አካሄድ ለመረዳት አይቸገርም። መሬቱን አንድ ጊዜ አርሶ አይዘራበትም። ይገምሳል፤ ዝናቡን አይቶ ይደግማል፤ አረሙ ሲበቅል ይሠልሳል፤ ለአራተኛና ለአምስተኛ ጊዜ የሚመለስበትም ማሳ አለ። በየመመለሻው የሚያደርገውን የሚወስነው ካለፈው እርሻ ያየውን ይዞ ነው። ልዩነቱ ግን የጤፍ ማሳ አሳቡን አለመለወጡ ነው፤ ሰው ግን የጠየቀውን ነገር ተሠርቶ ሲያየው ጊዜ የፈለገው ሌላ እንደ ነበረ ይገባዋል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን አጃይል የኛው ደቦ ነው ሲሉ እንሰማለን። በዚህ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አይስማማም። ለአጨዳ ወይም ለውቂያ ደቦ የወጣ ሰው የሚሠራውን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ጠላውና እንጀራው ይቅረብለት እንጂ ምን ይሠራ የሚል ጥያቄ የለበትም። የሶፍትዌር ሰው ትልቁ ችግር ጕልበት ማነስ ሳይሆን ምን መሠራት እንዳለበት አለማወቅ ነው። እንዲያውም ፍሬድ ብሩክስ በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጽፏል፤ አዲሱ ሰው ሁሉን ከነባሮቹ መማር አለበትና። ደቦ ሰው በበዛ ቍጥር ይፈጥናል፤ ይህ ደግሞ ተቃራኒው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላም ነገር አለ። በአጭር ዙር መሥራት የሚቻለው የተሠራውን መለወጥ ርካሽ ሲሆን ብቻ ነው። ኬንት ቤክና ጓደኞቹ ከ1996 ጀምሮ በክራይስለር የመኪና ኩባንያ የደመወዝ ፕሮግራም ሲሠሩ ያዳበሩት ዘዴ ለዚህ የቆመ ነው። ፕሮግራሙን ከመጻፋቸው በፊት የሚፈትነውን ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር ይሠራሉ፤ የደመወዝ ሥራ የሚያውቅ ሰውም ከአጠገባቸው ይቀመጣል። ዛሬ አንድ ነገር ቢለወጥ ትናንት የተሠራው መበላሸቱን ፈተናዎቹ ወዲያው ይናገራሉ። የጎጃም ግብር ግን እንዲህ የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ገማቹ አንድ ጊዜ ከነፖሊሱ ማሳ ላይ ከቆመ በኋላ ተሳስቻለሁ ብሎ ቢመለስ እንኳ የፈጠረው ፍርሃት አብሮት አይመለስም። ስለዚህ ንጽጽራችን ወሰን አለው፤ መንግሥት ፕሮግራም አይደለም፣ ተሳስቶ የሚከፍለውም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ አይደለም።

የክራይስለሩም ሥራ መጨረሻው አላማረም። ከሠራተኞቹ ለከፊሎቹ ደመወዝ ሲከፍል ቆይቶ በ2000 ተቋረጠ። ይህን የአጃይል ወዳጆች ሲተርኩት አንሰማም፤ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ግን ሊነገር ይገባል። ከዚህም የሚከብድ ጕድለት አለ። በስክረም ሥርዓት ዝርዝሩን የሚጠብቀው፣ ምን እንደሚቀድምም የሚወስነው አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው የተጠቃሚዎች እንደራሴ መሆኑ ነው። እንደራሴው ግን ተጠቃሚዎቹን አግኝቷቸው ያውቃል ወይ? የ1960 ዓ.ም. ግብርም እኮ በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ቀርቦ ተመክሮበታል። በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር እያሳዩ፣ የሚያሳዩት ግን ለማይሠራበት ሰው ከሆነ፣ ፏፏቴውን በትንንሽ ደረጃ ከፋፈሉት እንጂ አልተዉትም።

ይህን ጥያቄ ከአሜሪካኖቹ ቀድመው በግልጽ ያነሡት የኖርዌይ ሰዎች ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ክሪስተን ኒጋርድ የተባለው የኮምፒዩተር ሊቅ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ፣ በፋብሪካው ስለሚገባ ኮምፒዩተር ሠራተኛው ራሱ ቃል እንዲኖረው ጥናት አካሂዷል። ከዚያ ትምህርት የወጡ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1994 ከተደረገው የደቡብ አፍሪካ ምርጫ በኋላ በኬፕ ታውን ከጤና ሠራተኞች ጋር ተቀምጠው፣ ሠርተው እያሳዩና እያረሙ፣ ለወረዳ ጤና ቢሮ የሚሆን የመረጃ ፕሮግራም ጀመሩ። ዲኤችአይኤስ የሚባለው ይህ ፕሮግራም ከጊዜ በኋላ በብዙ ሀገሮች ተስፋፍቶ፣ ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያም የጤና ሚኒስቴር ይሠራበታል። እንግዲህ ከምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚወጣው የክትባትና የወሊድ ቍጥር ዛሬ የሚያልፈው በዚህ ታሪክ ውስጥ ነው።

ነገር ግን ቍጥሩ ወደዚያ ከመድረሱ በፊት የሚጻፍበት ቦታ አለ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባለፈው ክረምት ከፍኖተ ሰላም ወጣ ባለ አንድ ቀበሌ፣ በጤና ኬላ የምትሠራ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቆ ነበር። በእጅ ስልኳ ላይ ያለው ቅጽ እያንዳንዷን ነፍሰ ጡር በምትኖርበት ቤት ይመዘግባል። በአካባቢያችን ግን የመጀመሪያ ልጇን የምታረግዝ ሴት ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ የእናቷ ቤት ብዙ ጊዜ በሌላ ቀበሌ፣ አንዳንዴም በሌላ ወረዳ ነው። ቅጹ ለዚህ ቦታ ስለ ሌለው ሴቲቱ ክትትል እንዳቋረጠች ሆና ትቈጠራለች።

እኅት ሆይ፣ ይህን ለሠሪዎቹ ነግረሻቸው ታውቂያለሽ ወይ አልኋት። "ማን መጥቶ ጠይቆኝ?" አለችኝ። ከዚያ ከመሳቢያዋ ውስጥ በመሥመር ያሰመረችውን የተማሪ ደብተር አወጣች። የመጀመሪያው ዓምድ ስም፣ ሁለተኛው የእርግዝና ወር ነው። በሦስተኛው ዓምድ ራስ ላይ በእስክሪብቶ "እናቷ ቤት" ተብሎ ተጽፎበታል፤ ከሥሩም የቀበሌዎች ስም እስከ ገጹ መጨረሻ ወርዷል።